«ሶምቢ»ን ከፊልም አውጥቼ ለዕለት ንግግር የተማርኩበት መንገድ

ዞምቢን ከአስፈሪ ፊልም ሁላችንም እናውቀዋለን። በስፓኒሽ ግን ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ሥራ የገባ ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት ቃል ነው።

የጀመርኩት ከድምፁ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪን የሚያደናቅፈው እሱ ነውና። ቃሉ በዜድ ይጻፍ እንጂ የእኛን «ዘ» አይፈልግም። በላቲን አሜሪካ «ሶምቢ» ነው። በአብዛኛው ስፔን ደግሞ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መሃል ብቅ ይልና ትንፋሽ ይወጣል። ጣት ጉሮሮ ላይ አድርጎ መጀመሪያውን ድምፅ መሞከር ነው፤ ጉሮሮ ከነዘረ «ዘ» ብለናል ማለት ነው። ጫናው «ሶም» ላይ ያርፋል። ሲጻፍ በ«አይ» ፊደል ያበቃል (zombi)፤ መጨረሻው ላይ «ኢ» ፊደል መጨመር (zombie) የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው።

ቀጥሎ ትርጉሙ። ቃል ማጥኛ ካርድ ላይ «ሶምቢ ማለት በድን» ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ አፍ ላይ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይበላሻል። ቃሉ ምዕራብ አፍሪካዊ መነሻ አለው፤ ዓለም ያወቀው በሄይቲ በኩል ነው። እዚያ ሶምቢ ፈቃዱን ተነጥቆ ለሌላ የሚያገለግል እንጂ ሥጋ በሊታ አይደለም፤ ሥጋ መብላቱን ያመጣው ኋላ ፊልም ነው። አካሉ ይሄዳል፣ ፈቃዱ የለም፤ ይህን ከያዙ የዕለት አጠቃቀሙ ሁሉ ይገጣጠማል።

ስለዚህ ካርዶቼን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሠራኋቸው። «ኤስቶይ ሶምቢ» ማለት ዛሬ ፈዝዣለሁ፣ ደንዝዣለሁ ነው፤ «ኡን» (አንድ) የሚለው ቃል አይገባበትም። «ሶይ ኡን ሶምቢ» ካሉ ግን ዛሬ ፈዝዣለሁ ሳይሆን እኔ ራሴ ሶምቢ ነኝ ማለት ነው። በጣም የሚሰማው «ኤስቶይ ኤቾ ኡን ሶምቢ»፣ ሶምቢ ሆኛለሁ፣ ነው፤ ሴት ስትናገር «ኤቻ ኡና ሶምቢ» ትላለች፤ «ሶምቢ» ራሱ ለሁለቱም ጾታ አይለወጥም። «ሜዲዮ ሶምቢ» ሲባል፣ ማለትም ትንሽ ፈዘዝ ያለ፣ ሴትም ብትሆን «ሜዲዮ» ባለበት ይቆያል። አራቱን እያንዳንዳቸውን በ«እኔ»፣ በ«አንተ»ና በ«እሷ» እየለወጡ ጮክ ብሎ መናገር ነው። «ፓሬሴስ ኡን ሶምቢ»፣ ሶምቢ ትመስላለህ፣ ለጓደኛ ይባላል፤ ለታላቅ ሰው ግን «ነፍዘዋል» እንደማለት ነውና ይቅር።

ጋዜጣ ላይ «ኤምፕሬሳ ሶምቢ» ይገኛል። ትርፉ የዕዳውን ወለድ እንኳ የማይሸፍን፣ በብድር ላይ ብድር የቆመ ድርጅት ነው። ብዙ ኢኮኖሚስቶች የሚለኩት እንዲህ ነው፦ ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ትርፉም ለ3 ተከታታይ ዓመታት ከወለዱ ያነሰ። ብዙ ሲሆኑ «ኤምፕሬሳስ ሶምቢ»ም «ኤምፕሬሳስ ሶምቢስ»ም ትክክል ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ በቫይረስ አማካይነት ሌላ ሰው ከሩቅ የሚያዘው ኮምፒውተርም በስፔን «ኦርዴናዶር ሶምቢ»፣ በላቲን አሜሪካ «ኮምፑታዶራ ሶምቢ» ይባላል።