አቡጀዲ፣ ፓራሹትና ባና

ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ማደር ሲያምረኝ የመጀመሪያውን ሃሞክ፣ ሁለት ዛፍ መሃል የሚሰቀለውን የጨርቅ አልጋ፣ የሰፋሁት በአቡጀዲ ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ጠንካራም ነው። ደብረ ብርሃን አክስቴ ጓሮ፣ ሁለት ባሕር ዛፍ መሃል ሰቅዬ ተጋደምኩበት። አክስቴ ከኩሽና ብቅ ስትል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልዬ አየችኝና አማተበች። «በስመ አብ! አንተ ልጅ፣ በቁምህ ተገነዝክ እንዴ?»

እሱስ ያስቃል። ጫካው ውስጥ ግን ሌሊቱን ከቆላው ጉም ወጣና ጥጡ ሲጠጣው አደረ። ደረቁን 700 ግራም የነበረው ጠዋት ስሸከመው እጥፍ የሆነ መሰለኝ።

ከዚያ መርካቶ ወርጄ፣ ሰዉ ፓራሹት የሚለውን ስስ ናይለን ገዛሁ። ስስነቱን ብቻ አይቼ! ለካ የዝናብ ልብስ ጨርቅ ነው፣ በአንድ በኩል ውሃ መከላከያ ተቀብቷል። ላቤ መውጫ አጥቶ ጀርባዬ ረጠበ፤ በኛ አገር ብርድ እርጥብ ጀርባ ምን ማለት እንደሆነ ለሸዋ ሰው አልነግርም። አሁን ሱቅ ውስጥ ጨርቁን አፌ ላይ ለጥፌ እነፋለሁ፣ ትንፋሽ ካላለፈ አልገዛም። ነጋዴው እንደ እብድ ያየኛል፣ ይየኝ። ከጫፉም ክር መዝዤ ውጭ አቃጥላለሁ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ናይለንና ፖሊስተር ግን ቀልጠው ጠጣር እንክብል ይሠራሉ። ከሁለቱ ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ፖሊስተር ብዙም አይለጠጥም፣ ፀሐይም ይችላል።

ሦስተኛው ላይ ብልጥ ሆንኩ። ትናንሽ አራት ማዕዘን የሚታይበት፣ ሪፕስቶፕ የሚሉት ናይለን አገኘሁ፤ በየመሃሉ ወፈር ያለ ክር ስላለው ትንሽ ቀዳዳ ዝም ብሎ አይተረተርም። መጀመሪያ አንድ ሜትር ብቻ ገዝቼ ወርቅ ቤት አስመዘንኩት። ወርዱ ሜትር ተኩል ነው፣ 98 ግራም መጣ። በካሬ ሜትር 65 ግራም ማለት ነው፣ ሦስት ሜትሩ 300 እንኳ አይሞላም። ከሱ የሳሳ 40 ግራም ገደማ የሚሆንም አለ፤ እኔ 78 ኪሎ ነኝ፣ አልደፈርኩም።

ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ጨርቁን ዳበስ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ በወፍራም መርፌ ይበሳሳል፣ ቀጭን ይዘህ ና» አሉኝ። በቀጭን መርፌና በፖሊስተር ክር ጎንና ጎኑን ሁለቴ አጥፈው ሰፉልኝ። ጭነት የሚይዙትን ሁለቱን ጫፎች ግን ለስፌት አላመንኩም፣ እንደ ማዳበሪያ አፍ ሰብስቤ በገመድ ጠፈርኳቸው። ገመዱን እንደ ክራር ክር መወጠርም ተውኩ። ከአግድም ወደ 30 ዲግሪ ረገብ ካለ እያንዳንዱ ወገን የሚሸከመው ክብደቴን ያህል ነው፤ 10 ዲግሪ ላይ ከወጠርከው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለሙከራ ከጉልበት ከፍ ሳላደርግ ሰቀልኩት፣ ከሥሩም ገለባ ነሰነስኩ።

ያዘ። በሰያፍ ስተኛበት ጀርባዬም ቀና አለ። ብርዱ ግን ከታች ነው የሚመጣው፣ የተኛህበት ልብስ ደግሞ ከክብደትህ ሥር ተጨፍልቆ ሙቀት አይዝም። ስለዚህ የአክስቴን የመንዝ ባና ከሃሞኩ ሥር በውጭ በኩል አሰርኩት። ሞቀኝ። አሁን 300 ግራም የማይሞላ ሃሞክ አለኝ፣ እሱን ለማሞቅ ግን ስንት ኪሎ ሱፍ ተሸክሜ ዳገት እወጣለሁ።