ፓወር ስቴሽን ከአሜሪካ ለማምጣት ላሰባችሁ

ለካምፒንግ የሚሆን ትልቅ ባትሪ (ፓወር ስቴሽን የሚሉት) እና ርካሽ የሥራ ዕቃ ከውጭ ልግዛ ወይስ ልተው እያላችሁ ለምታመነቱ፣ የእጅ መሣሪያውን ግዙ፣ ባትሪውን እዚያው ተዉት። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ እንግዳ ይዞ ሰሜን ተራሮች መውጣት ነው። ግጭና ጨነቅ ላይ ድንኳን ተክለን ስናድር እንግዳው ስልኩንና ካሜራውን፣ አንዳንዱም ላፕቶፑን ቻርጅ ማድረግ ይፈልጋል። ድሮ ትንሽ ጀነሬተር በበቅሎ እናስጭን ነበር። ጭላዳ ሊያይ አገር አቋርጦ ለመጣ ሰው የጀነሬተር ጩኸት ማሰማት ያሳፍረኝ ነበርና ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋ ስሄድ ፓወር ስቴሽን ይዤ ለመመለስ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የእጅ መሣሪያውን ላንሳ። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ የቁልፍ ስብስብ ከርካሽ መደብር ገዛሁ፤ ሁሉም እስካሁን ይሠራሉ። በባትሪ የሚሠራ ድሪልም ገዛሁ፣ ቻርጀሩን ግን አልያዝኩም። ጀርባው ላይ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ብቻ ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፣ ሲሰካ ይቃጠላል። ለዚያ ባትሪ የሚሆን የ220 ቻርጀር አዲስ አበባ እንዳለ አስጠይቄ ነው ድሪሉን የገዛሁት። የስልክ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ይላል፣ እሱ ችግር የለበትም። ገመድ ያለው ግራይንደር ወይም ድሪል ግን የቱንም ያህል ቢረክስ አትንኩት።

ፓወር ስቴሽኑ የሚይዘው ኃይል 1,024 ዋት-ሰዓት ነበር። በ120 ቮልት መሰኪያው እንደማልጠቀም አውቃለሁ፤ የፈለግኩት ዩኤስቢውንና የ12 ቮልቱን መውጫ ነው፣ የምሞላውም በሶላር። ሻጩን በአውሮፕላን ይሄዳል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ «ለጉዞ የተሠራ ነው» አለኝ። ይህ አላሳመነኝምና አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ላነሳችው ሴት መጠኑን ቁጥር በቁጥር ነገርኳት። «ሊትየም ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅዎ ይያዙት» አለች። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ደግማ ያንኑ አለች።

አየር ማረፊያ ስደርስ የመግቢያ ካርድ የምትሰጠው ሠራተኛ ዕቃውን ገልብጣ ከሥሩ ያለችውን ግራጫ ጽሑፍ በስልኳ መብራት ፈለገች። አገኘችው። ጣቷን ቁጥሩ ላይ እንዳደረገች «160 ነው ጣሪያው» አለችኝ። አለቃዋ ተጠራ። በስልክ የተባልኩትን ስነግረው «በስልክ የተባለውን እኔ አላውቅም» አለ። በሻንጣስ? አይቻልም። በካርጎስ? ወደ ካርጎ ቢሮ ሰደደኝ። እዚያ የነበረው ሰው ደግሞ ብቻውን የሚላክ ሊትየም ባትሪ ዩኤን 3480 በሚባል የአደገኛ ዕቃ መለያ ቁጥር እንደሚመዘገብ፣ ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎነት እንደማይጫን፣ በጭነት አውሮፕላን ለመላክም የአደገኛ ዕቃ ሰነድና ልዩ አስተሻሸግ እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ትሕትናው ጥሩ ነበር፤ ለእኔ ግን በረራው ሊዘጋ ነው።

ተመልሼ ስመጣ ሌላ ጥያቄ ጠበቀኝ። «ሻንጣ ውስጥ ሌላ ባትሪ አለ?» አለኝ አለቃው። የድሪሉ ባትሪዎች ነበሩ። እነሱ ትንንሽ ናቸው፣ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች፤ ግን ከመሣሪያው ተነቅለው ለብቻቸው ሲሆኑ በእጅ እንጂ በሻንጣ አይሄዱም። ድሪሉ ራሱ ደግሞ በሻንጣ እንጂ በእጅ አይገባም። ሰልፈኛው ከኋላዬ እያየ፣ ተንበርክኬ ሻንጣውን ወለል ላይ ዘረገፍኩት። የልጆች ጫማ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ከሥር ድሪሉ። የባትሪዎቹን የብረት ጫፍ በፕላስተር ሸፈንኩ። ወንድሜ ከአውራ ጎዳናው ተመልሶ መጥቶ ፓወር ስቴሽኑን ወሰደ። መደብሩ ካርቶኑ ተከፍቷል ብሎ አልመልስም አለው።

ከደንቡ ጋር ጠብ የለኝም። ሊትየም አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፤ ሰማይ ላይ ይህ እንዲሆን የሚፈልግ የለም። ዛሬም ድረስ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ደንቡን ማወቅ ሥራቸው የሆነ ሰዎች ሳያውቁት በሙሉ ልብ መመለሳቸው ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከዚያ በላይ ክልክል። ሦስት መስመር ነው። ከ100 እስከ 160 ያለውን በፈቃድ ይቻላል ይላሉ፤ እኔ ግን አትሞክሩት እላለሁ፤ ፈቃዱን የሰጣችሁ ሰው በሩ ላይ አይቆምላችሁም። ከ100 በታች የሆኑ ሁለት ያዙ። 27,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 99.9 ዋት-ሰዓት ነው፤ አንድን ስልክ ሦስት አራት ጊዜ ያህል ይሞላል። ለራሳችሁ ለአንድ ሁለት አዳር ተራራ የምትወጡ ከሆነ ከዚህ በላይ አያስፈልጋችሁም።

ለሥራዬ የሚሆነውን አዲስ አበባ ራሴ ገጣጠምኩት። 12.8 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ 1,280 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ክብደቱ ተመሳሳይ መጠን ካለው የመኪና ባትሪ ግማሹን ያህል ነው፤ ለበቅሎዋ ትልቅ ነገር ነው። ግን የተጻፈውን አትመኑ። መጀመሪያ የገዛሁትን ቤት አምጥቼ ሞላሁትና 50 ዋት የ12 ቮልት አምፖል ሰካሁበት። 100 አምፒር-ሰዓቱ እውነት ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ ማብራት አለበት። ማታ ለኩሼው ሌሊቱ ሳይጋመስ ጠፋ። ጠዋት መርካቶ ተሸክሜው ሄድኩ። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው» ሲለኝ፣ ሌላውን እዚሁ አብርተን አብረን እንይ አልኩት። በውድ ዋጋ ሌላ ዓይነት ለወጠልኝ፤ እሱ ማግስቱንም ሲያበራ ዋለ። አምፖሏን የምትቃወም ሱቅ ካጋጠመቻችሁ ውጡ።

የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር ላይም እንዲሁ። ትንሽ ሳጥን ላይ 3,000 ዋት የሚል ታያላችሁ፤ በ12 ቮልት ይህ 250 አምፒር ነው፣ አብሮት የሚመጣው ቀጭን ገመድ ይቀልጣል። ለላፕቶፕ 300 ዋት ንጹሕ ሳይን (እንደ ቤት መብራት ያለ ሞገድ) የሚሰጥ በቂ ነው። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርጉ።

ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ይህ ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል። ማኑዋሉ ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ ቻርጁን ያቋርጣል ይላል፤ ርካሾቹ ላይ ግን ይህ ብዙ ጊዜ የለም። እኔ ባትሪውን በጋቢ ጠቅልዬ ድንኳን ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋትም ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ቀልጦ ባትሪው በእጄ ስነካው ለዘብ እስኪል ሶላሩን አላገናኝም። 100 ዋት የሚለው ፓነል 60 ወይም 70 ቢሰጣችሁ ተመስገን በሉ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ታጣፊ ሶላር ፓነል፣ ጥሩ መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) እና የገመድ ጫፍ መጭመቂያ ፒንሳ አምጣልን በሉት። ባትሪ የሌለውን ፓነል በባትሪ ደንብ አያስቆሙትም፤ መልቲሜትሩ ደግሞ መርካቶ ስትሄዱ ኪሳችሁ ይግባ።