ቶኒ ሆክ ያለ ሪቨርት አይሆንም

ልጆቻችሁ ሳሎን ቁጭ ብለው ቶኒ ሆክስ ፕሮ ስኬተር የሚባለውን የስኬትቦርድ ጌም ሲከፍቱ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ተቀበሏቸው። ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው እንደሱ የሚመች ጌም የለም። አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ነው፣ ታሪክ አንብቡ አይልም፣ እንግሊዝኛችሁ ገና ቢሆንም አትቸገሩም።

የመጀመሪያው በ1999 ለፕሌይስቴሽን ወጣ፤ የሠራው ኔቨርሶፍት ነው። ሁለተኛው በ2000 ማኑዋልን፣ ማለትም በሁለት ጎማ ብቻ ሚዛን ጠብቆ መሄድን፣ ጨመረ፤ ሦስተኛው በ2001 ሪቨርትን፣ ማለትም ራምፕ (ተዳፋት መዝለያ) ላይ ስታርፉ ቦርዱን ማዞርን። በእኔ እምነት ጌሙ ሙሉ የሆነው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ከራምፕ ዘላችሁ ስታርፉ ኮምቦው (ሳይቋረጥ ያያያዛችሁት ትሪክ) እዚያው ያልቃል። አሁን ግን ጎማው ራምፑን ሲነካ አር2 ትጫናላችሁ፣ ወዲያው ወደ ላይ ከዚያ ወደ ታች ቶሎ ታደርጋላችሁ (ማኑዋሉ ይህ ነው)፣ ቦርዱ በኋላ ጎማው እየሄደ እስከ ቀጣዩ ብረት ያደርሳችኋል። እዚያ በኤክስ ዘላችሁ በሦስት ማዕዘኑ ግራይንድ ነው፣ ብረቱ ላይ መንሸራተት።

ይህን ያህል የሚያስለፋው ነጥቡ ስለሚባዛ ነው። አምስት ትሪክ አያይዛችሁ ድምሩ 1,000 ቢሆን 5,000 ታገኛላችሁ። ስድስተኛ ስትጨምሩ የሷም ነጥብ ይደመርና ጠቅላላው በ6 ይባዛል። ከወደቃችሁ ግን የዚያ ኮምቦ ነጥብ በሙሉ ይጠፋል። ጀማሪን የሚጥለው ማኑዋል ላይ መቆየት ነው፤ በቆያችሁ ቁጥር ሚዛኑ እየከበደ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቶሎ ወደ ሌላ ትሪክ ተሻገሩ። አንዱን ትሪክ መደጋገምም አያዋጣም፣ ዋጋው እየወረደ ይመጣል። በትክክል ተጭናችሁም ሪቨርቱ እየዘገየ ካስቸገረ ቴሌቪዥኑን እዩት፤ ምስል ለማሳመር ሲል ያዘገያል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጌም ሞድ አብሩ።

ፊላደልፊያ ያላችሁ ደግሞ ሁለተኛው ጌም ላይ ሰፈራችሁን ታገኛላችሁ። ከተማው በኋላ ላቭ ፓርክ በሚባለው አደባባይ ስኬቲንግ ከለከለ፣ ፓርኩም ታድሶ በ2018 ሲከፈት መልኩ ተለወጠ። ስኬተሮች የወደዱት የድሮው አደባባይ ጌሙ ውስጥ አለ፤ የፏፏቴውን ውኃ ማፍሰስ ራሱ አንዱ ግብ ነው።

ለመግዛት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አድሶ የያዘውን የ2020ውን 1+2 አስቀድሙ። ሪቨርት ለሁለቱም ተጨምሮላቸዋል፣ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ያጫውታል፣ ግራፊቲ የሚባለው ግጥሚያም አለው፤ ትሪክ የሠራችሁበት ነገር የእናንተን ቀለም ይይዛል፣ ልጁ የበለጠ ኮምቦ ከሠራበት ይነጥቃችኋል። የ2009ኙን ራይድ፣ የፕላስቲክ ቦርድ ላይ ቆመው የሚጫወቱትን፣ ያርድ ሴል ላይ በርካሽ ብታገኙትም እለፉት። የ2015ቱን አምስተኛም እንዲሁ። እዚያ ወደ መሬት የሚወረውራችሁን ስላም ከግራይንዱ ጋር አንድ ቁልፍ ላይ አድርገውታል፤ ብረት ላይ ልትወጡ ስትጫኑ አስፋልት ላይ ትገኛላችሁ።

ሦስተኛውንና አራተኛውን አድሶ በ2025 የወጣው 3+4 ግማሹ ግሩም ነው፣ ግማሹ ያናድዳል። አራተኛው በ2002 ሲወጣ የሰዓት ገደብ አልነበረውም፤ እንደልባችሁ እየዞራችሁ፣ ያገኛችኋቸውን ሰዎች እያናገራችሁ ሥራ ትቀበሉ ነበር። አሁን ያንን አውጥተው የሁለት ደቂቃ ሩጫ አደረጉት፤ ካርኒቫልና ቺካጎ የተባሉት መጫወቻ ቦታዎችም ቀርተዋል። ሰዓቱን ከሴቲንግ ማርዘም ይቻላል፣ አርዝሙት። ሥራ የሚሰጧችሁን ሰዎች ግን አይመልስም።