ኖቤል ያልደረሰው ሮልፍ ቪዴሮ

ስለ ቅንጣት አፋጣኝ ማሽኖች (እንደ ኤሌክትሮን ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን በኤሌክትሪክ እየገፉ የሚያፈጥኑ) ሲወራ ቶሎ የሚጠራው ኧርነስት ሎውረንስ ነው። ሳይክሎትሮን የተባለውን፣ ቅንጣቶችን እያዞረ የሚያፈጥነውን ማሽን ፈለሰፈ፣ በ1939 ኖቤል ወሰደ፣ አለቀ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እኔ ግን ከሱ ይልቅ የሚገርመኝ ኖርዌጂያዊው ሮልፍ ቪዴሮ ነው።

ቪዴሮ በ1902 ተወለደ፤ ምህንድስና የተማረው ጀርመን ነው። ተማሪ ሳለ ኤሌክትሮኖችን በተለዋዋጭ ማግኔት እያዞሩ ማፍጠን ይቻላል ብሎ አሰበ። ለዶክትሬቱ አኸን ከተማ ላይ ማሽኑን ሠራው። እምቢ አለው! ኤሌክትሮኖቹ መስመር እየሳቱ ከግድግዳው ጋር ይላተማሉ። ባዶ እጅ ደግሞ ዶክትሬት የለም። ስለዚህ ስዊድናዊው ጉስታቭ ኢሲንግ በ1924 በወረቀት ላይ ወዳስቀመጠው ሌላ ሐሳብ ዞረ።

ብልሃቷ እንዲህ ናት። አንድ የፖታሲየም አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አቶም) በ25 ሺህ ቮልት ተገፍቶ የብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ውስጥ እያለ የሚገፋውም የሚጎትተውም የለም። እሱ ሳያውቅ ውጭ ቮልቴጁ ይገለበጣል፤ ብቅ ሲል ያው 25 ሺህ ቮልት ድጋሚ ይገፋዋል። ድምሩ 50 ሺህ። ቁጥሩ ዛሬ ያስቃል፣ ግን ቱቦ በቱቦ ላይ ከቀጠልክ ያን ሁሉ ቮልት በአንዴ ማመንጨት ሳያስፈልግህ የፈለግከው ፍጥነት ላይ ትደርሳለህ ማለት ነው።

ሥራው በ1928 ታተመ። በዓመቱ ሎውረንስ አሜሪካ፣ በርክሌይ ላይ ጽሑፉን አገኘው። ጀርመንኛው እምብዛም ነበር፤ ሥዕሉን አይቶ ነገሩ ገባው። ቱቦውን ከማርዘም አዮኑን በማግኔት አጥፎ እዚያው ማመላለስ ይሻላል አለ። ሳይክሎትሮን እንዲህ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ደስ አይልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቪዴሮ ሀምቡርግ ሄዶ ኖርዌይን ለያዙት ጀርመኖች ቤታትሮን ሠራ፤ ያው ተማሪ ሳለ እምቢ ያለው ማሽን፣ በ1940 አሜሪካዊው ዶናልድ ከርስት ያሳካው። ወንድሙ ቪጎ ናዚዎች እጅ እስረኛ ስለነበር ይፈቱልኛል ብሎ ተስፋ አድርጓል። ይህ ሙሉ በሙሉ ነፃ ያወጣዋል አልልም። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ አሰረችው፣ ቀጣችውም።

የሚገርመው፣ ቅንጣቶችን ፊት ለፊት የማጋጨት ሐሳቡን ለባለቤትነት መብት ያስመዘገበውም እዚያው ጦርነት ውስጥ፣ በ1943 ነው። ሀምቡርግ አብሮት የሠራው ብሩኖ ቱሼክን የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ሲያስረው ቪዴሮ እስር ቤት ድረስ እየሄደ ይጠይቀው ነበር። ይሄው ቱሼክ ነው በኋላ ጣሊያን ውስጥ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (ተቃራኒ ሙል ያለው የኤሌክትሮን አቻ) የሚያጋጨውን የመጀመሪያ ማሽን፣ «አዳ» የተባለውን፣ የመራው።

ቪዴሮ ስዊዘርላንድ ገብቶ ብራውን ቦቬሪ በሚባል ኩባንያ ለካንሰር ሕክምና የሚውሉ ቤታትሮኖች ሲሠራ ኖረ። ያረፈው በ1996 ነው። ዛሬ የጨረር ሕክምና ክፍሎች ውስጥ የቤታትሮንን ቦታ የወሰደው ሊኒየር አክሰለሬተር (ቅንጣቶችን በቀጥታ መስመር የሚያፈጥነው ማሽን) ደግሞ የዚያ የ1928 ቱቦ ዘር ነው።