የሳምቡሳ ዕዳ

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ «ዴርቶጋዳ»ን መለሰችልኝ። ሽፋኑ ላይ የማኪያቶ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። አልተቆጣሁም። ካዋስኳቸው መጻሕፍት ስንቱ ተመልሶ ያውቃልና!

«ጋሼ፣ ሁለት ሌሊት አላስተኛኝም» አለች። እውነቷን ነው። በ2001 ሲወጣ እኔንም እንደዚሁ አድርጎኝ ነበር። የጣና ገዳማት፣ ሰላይና ሳይንቲስት፣ ሁሉም በአንድ ልቦለድ ውስጥ። ይስማዕከ ወርቁ የሚባል ደራሲ ከዚያ በፊት አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዷን ቅጂ ተራ ይዘን ነው ያነበብናት።

«እንዲህ ልብ የሚሰቅል ሌላ የለህም?»

አልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎተትኩ። የወንጀልና የስለላ ልቦለዶቼ፣ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውም ጭምር፣ ያሉት እዚያ ነው። መደርደሪያው ላይ የቆሙት እንግዳ ሲመጣ የሚያኮሩኝ ናቸው። አዎ፣ አፍሬባቸው ነው የደበቅኳቸው።

መጀመሪያ እጄ የገባው የይልማ ሀብተየስ ነው።

«አዲስ ደራሲ ነው?»

ሳቄ መጣ። የወንጀል ልቦለድን በአማርኛ ካስለመዱን ቀደምቶች አንዱ ነው። ግን እሷ ሰምታው አታውቅም። ለእሷማ አዲስ ነው።

እኔ ከይልማ ጋር የተዋወቅሁት በኪራይ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ከስኳሩና ከሳሙናው ጎን መጽሐፍ ያከራይ ነበር። በቀን 25 ሳንቲም። መጻሕፍቱ በካኪ ወረቀት የተለበዱ፣ ጠርዛቸው በእጅ ወዝ የጠቆረ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ እያነበብኩ፣ ገዳዩ ሊታወቅ ትንሽ ሲቀረው መጽሐፉ አለቀ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል! በነጋታው ለባለሱቁ ስነግረው «እኔ አልበላኋቸው» አለኝ። የ25 ሳንቲሜን ነገር አላነሳም።

አንድ የክፍሌ ልጅ «አንብቤዋለሁ፣ ሳምቡሳ ጋብዘኝና እነግርሃለሁ» አለ። ሁለት በላ። ሁለተኛውን እስኪጨርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ አፉን ጠርጎ የገዳዩን ስም ነገረኝ። ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሙሉውን ቅጂ አገኘሁና እዚያው ቆሜ መጨረሻውን ገለጥኩ። ገዳዩ ሌላ ሰው ነው! ያ ልጅ መጽሐፉን በዓይኑም አላየው።

ይህን ሳወራላት እሷ መደርደሪያውን እያየች ነበር።

«የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ለምን እዚህ ላይ ሆነ?»

«እሱማ ትልቅ ሥራ ነው።»

«የስለላ ልቦለድ አይደል እንዴ?»

ዝም አሰኘችኝ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄዳል፤ ከፊያሜታ ፍቅር ይይዘዋል፤ ዙሪያቸው ደግሞ ሰላይ ነው። ይህ ካርቶን ውስጥ ካሉት በምን ይለያል? በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉም በ1976 ከቤት እንደወጣ መቅረቱን እያሰብን መጽሐፉን በአክብሮት ብቻ እናነሳዋለን። ልብ አንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያስኬደን ማን ያወራል? በዓሉ ግን የስለላ ታሪክ እንዴት እንደሚነገር ጠንቅቆ የገባው ሰው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ባዶ አደረግሁት። ይልማ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ቦታ አለው። ለጊዜው ክፍት ነው፣ ልጅቷ ይዛው ሄዳለች። ሳልሰጣት በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። ሁሉም አሉ።

አሁን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስልክ ደወለች።

«ጋሼ፣ አላስቻለኝም። ገዳዩ ማነው?»

«ሳምቡሳ ግዢ» አልኳት።