መሀል መንገዱ ላይ ስንት ቮልት አለ?

ባሕር ዳር ውስጥ የቫክዩም ጌጅ (አየሩ በፓምፕ በሚመጠጥ ዝግ ዕቃ፣ ማለትም በቻምበር ውስጥ የቀረውን ግፊት የሚለካ መሣሪያ) ስትከፍት፣ ፓምፑ ገና ሳይነሳ ወደ 820 ሚሊባር ያሳይሃል። የመጀመሪያ ቀን የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ነው፤ አየሩ ራሱ ስስ ነው።

በዚሁ ቻምበር ውስጥ የሠራሁት የአዮን (ኤሌክትሮን ያጣ አተም) ጉልበት መለኪያ ሁለት የተጠማዘዙ የአሉሚኒየም ፕሌቶች አሉት። የውስጠኛው ሬዲየስ 45፣ የውጭኛው 55 ሚሊሜትር ነው። ቶርኖ ቤት ነው ያሠራኋቸው። ጥምዙ 127 ዲግሪ ነው፤ ትንሽ ተበትነው የገቡ አዮኖች እዚያ ላይ መልሰው ይገናኛሉ። ይህን ሂዩዝ እና ሮጃንስኪ የተባሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1929 አሳይተዋል። በፕሌቶቹ መካከል 40 ቮልት ስትሰጥ 100 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያላቸው ብቻ ያልፋሉ (አንድ ኤሌክትሮን ቮልት፣ አንድ ኤሌክትሮን ያጣ አዮን የአንድ ቮልት ልዩነት ሲያቋርጥ የሚያገኘው ጉልበት ነው)። ፈጣኑ ከውጭኛው፣ ዘገምተኛው ከውስጠኛው ጋር ይላተማል። ቮልቱን ቀስ እያደረግክ ስትጨምር፣ መውጫው ላይ የምታነበው ከረንት የጉልበቱን ሥርጭት ይሥልልሃል።

ወደ አዮን የምቀይረውን አርጎን ጋዝ ከአሉሚኒየም በያጆች አገኘሁ። አዮኖቹ የሚፈጠሩበት አኖድ (ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ) 100 ቮልት ላይ ነው፤ ስለዚህ ጉልበታቸው ወደ 100 ኤሌክትሮን ቮልት መሆን ነበረበት። ግራፉ ግን 121 ላይ ጫፍ አወጣ። ካልሰጠሁት ጉልበት ከየት ተጨመረ? ሦስት ጊዜ ከፍቼ ኬብል ቀየርኩ። በሐምሌ ቻምበሩን መክፈት ደግሞ ዋዛ አይደለም። የጣና እርጥበት ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ፓምፑ ያንን ውሃ ሲያወጣ ያድራል።

በአራተኛው ቀን ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን መጥተው ሥዕሉን አዩ።

«አንተ ልጅ፣ መሀል መንገዱ ላይ ስንት ቮልት አለ?»

ክው አልኩ። ፓወር ሰፕላይ አንድ ብቻ ስለነበረኝ የውጭኛውን ፕሌት ከግራውንድ፣ የውስጠኛውን ከኔጋቲቭ አገናኝቼ ነበር። ስለዚህ መሀሉ ዜሮ አልነበረም፤ ኔጋቲቭ 23 ቮልት ገደማ ነበር። አዮኑ ገና ሲገባ ያንን ያህል ጉልበት ይጨምራል። እኔ የምለካው የተጨመረበትን ነው። ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ተውሼ አንዱን ፕሌት ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በእኩል መጠን ኔጋቲቭ አደረግኩ። ጫፉ 98 ላይ ቁጭ አለ። ቻምበሩን መክፈት እንኳ አላስፈለገም። አሁን ማንም ተማሪ ሲመጣ ከኬብሉ በፊት ዜሮው የት እንዳለ በወረቀት አሠራዋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ አርጎን 196 ኤሌክትሮን ቮልት ይዞ ይመጣል፤ መስኩም እጥፍ አድርጎ ስለሚስበው እዚያው 98 ላይ ይወጣል። መሣሪያው የሚለካው ጉልበትን ለቻርጅ አካፍሎ ነው። ሁለቱን ለመለየት ማግኔት ያስፈልጋል። የማግኔቱ የመዳብ ሽቦ ተገዝቷል፤ ከጋሼ ጋር በመስከረም መጠቅለል እንጀምራለን።