መነጽሬን የመረጥኩት በሜትር ነው

በእናቴ መድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን መጠን ማንበብ አቃተኝ። ብልቃጡን ከዓይኔ አራቅኩት፤ ፊደሎቹ ጠሩ፣ ግን ከርቀቱ የተነሣ በጣም አነሱ። ወደ መስኮቱ ስዞር ትንሽ ተሻለኝ። ያን ጊዜ 43 ዓመቴ ነበር። እናቴ መድኃኒቷን የምትወስደው ከእጄ ነውና ቁጥሩን በግምት ማንበብ ያስፈራል።

በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ቅርብ ያለ ነገር ስናይ ወፈር ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ግን እየጠነከረ ይሄድና ቅርጹን እንደ ድሮው መለወጥ ያቅተዋል። ብዙ ሰው ይህ የሚሰማው 40ዎቹን ሲጀምር ነው፤ ከዚያም እስከ 60 ዓመት አካባቢ እየጨመረ ይሄዳል። መስኮቱ የረዳኝም በምክንያት ነው። ብርሃን ሲበዛ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ በጠባብ ብሌን የገባ ምስል ደግሞ ይጠራል።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ መነጽር የቆየሁት፣ ዓይን መነጽር ከለመደ ይሰንፋል ሲባል ሰምቼ ስላመንኩ ነበር። ሐሰት ነው። ሌንሱ መነጽር ቢደረግም ባይደረግም መጠንከሩ አይቀርም። በእነዚያ ዓመታት ደክሞኝ ሳልጨርሳቸው ያስቀመጥኳቸው መጻሕፍት ዛሬም ይቆጩኛል።

በመጨረሻ የተዘጋጀ የንባብ መነጽር ለመግዛት ሄድኩ። ከተደረደሩት መካከል ፊደሉን ከሁሉም አተልቆ ያሳየኝን መረጥኩ፤ ቁጥሩ +2.50 ነበር። ከሳምንት በኋላ ግንባሬን ያመኝ ጀመር። መጽሐፉን ወደ ፊቴ ካላስጠጋሁ አይነበብም፤ የኮምፒውተሩ ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ ደበዘዘ።

ምክንያቱን የነገረችኝ የዓይን ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዕድሜዬን ሳይሆን ርቀቴን ነው፦ «መጽሐፍ ስታነብ በስንት ሴንቲ ሜትር ትይዘዋለህ? ኮምፒውተርህስ?» መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ተቀመጥኩና በሜትር ለካሁ። መጽሐፉ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ኮምፒውተሩ 65 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እኔ ከሠራሁት ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ ነገር የለም።

የመነጽር ቁጥር የሚለካው ዳዮፕተር በሚባል መለኪያ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ሜትርን ለቁጥሩ ማካፈል ነው፦ 1 ለ2.50 ሲካፈል 0.40 ሜትር ይሆናል። ሩቁን ያለ መነጽር አጥርቶ የሚያይ ሰው +2.50 ሲያደርግ ከ40 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዝበታል ማለት ነው። 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ኮምፒውተሬ ከዚያ ውጭ ነበር። ቁጥሩ ሲበዛ ፊደሉ ይተልቃል፣ የምናይበት ስፍራ ግን ይጠባል። ስለዚህ በራሳችን የንባብ ርቀት ላይ አጥርቶ ከሚያሳዩን መካከል አነስተኛው ቁጥር ይሻላል።

ምርመራው ሌላም ነገር አሳየኝ። ቀኝ ዓይኔ +1.25፣ ግራው +1.75 ያስፈልገው ነበር። የተዘጋጀ መነጽር ለሁለቱም ዓይን አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ ልዩነቱን የሚሸፍንበት መንገድ የለውም። በዚያ ላይ በሁለቱ ብሌኖቼ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ የምመለከተው በሌንሶቹ መሃል ሳይሆን በጎናቸው ነበር። ሁለቱ ዓይኖቹ እኩል ለሆኑለት ሰው የተዘጋጀው መነጽር በቂ ሊሆን ይችላል፤ እኩል መሆናቸውን የሚያውቀው ግን ሲመረመር ነው። ሐኪሟ የዓይኔን ግፊትና የውስጠኛውን ክፍልም አየችልኝ። ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ እይታን የሚሰርቅ በሽታ ስለሆነ፣ ከ40 ዓመት በኋላ መመርመርን እንደ ትርፍ ነገር የሚያይ ወዳጅ ካጋጠመኝ አጥብቄ እከራከረዋለሁ። እይታው ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት የተለወጠበት፣ ወይም ብልጭታ የሚታየው ሰው ደግሞ መነጽር መምረጡን ትቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

በልኬ የተሠራው መነጽር ለመጽሐፉም ለኮምፒውተሩም አገለገለኝ። 51 ዓመት ሲሆነኝ ግን ንባቡ እንደገና ከበደኝና ለቀኙ +2.00፣ ለግራው +2.50 ታዘዘልኝ። አዲሱ መጽሐፉን ሲያጠራ ኮምፒውተሩን መልሶ አደበዘዘው። ሩቅ፣ መካከለኛና ቅርብ ርቀትን በአንድ ሌንስ የሚያሳየውን መነጽርም ሞክሬ ነበር። ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ ግን ደረጃ ስወርድ እግሬ ሥር ያለው እየደበዘዘብኝ ተውኩት። አሮጌውን መነጽር ለኮምፒውተር መደብኩት፣ አዲሱን ለመጽሐፍ።

አሁን መነጽር ስመርጥ የማነበውን መጽሐፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬ፣ ክንዴን እንደ ቤቴ አጥፌ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ካላነበብኩ አልወስንም። ለእናቴ መድኃኒት ደግሞ ሌላ መነጽር አሠርቼ ከብልቃጡ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ ከዚያ ቦታ አይነሣም።